በማን ነው የተቆጣው?

ጋሽ ኑሩ መሞታቸውን የነገረችኝ ሲስተር ለምለም ናት። ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር። ሌላ ጊዜ ስትመጣ በሩ ላይ ሳትደርስ ድምፅዋ ይቀድማታል፤ «የእገሌ ውጤት ደረሰ ወይ?» ትላለች። የዚያን ቀን ግን ዝም ብላ ገብታ አጠገቤ ቆመች። ቀና ስል ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሽ ኑሩን አጣናቸው» አለችኝ። «ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው አሉ። ጨርቅ ሊገዛ የገባ ሰው ሰላም ሲላቸው አልመለሱም።»

«ከማልስ?» አልኳት።

«እዚያው ነበር። አጠገባቸው ተቀምጦ ጨርቅ እያጠፈ። ሰውዬው እስኪጮህ ድረስ የተኙ መስሎት ነበር።»

ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። ስለ ጋሽ ኑሩ ከማልቀሳችን በፊት ስለ ከማል መጨነቃችን ዛሬ ሳስበው አይገርመኝም። እሳቸውም ቢሆኑ ቅደም ተከተሉን እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ጋሽ ኑሩ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም እዚሁ ሰቆጣ ነግደው ያለፉ ናቸው። ረዘም፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ሲያወሩ የሰውን ፊት ሳይሆን እጁን የሚያዩ ሰው ነበሩ። «ፊት ይዋሻል፤ እጅ ግን ጨርቁን ሲነካ መውደዱን አለመውደዱን ይናገራል» ይሉ ነበር። ከገጠር ከሚመጣው ገበሬ ጋር በኽምጣኛ፣ ከአበርገሌ በኩል ከሚመጣው ጋር በትግርኛ፣ ከእኔና እንደ እኔ ከሌላ አገር ለሥራ ከመጣው ጋር ደግሞ በአማርኛ ያወራሉ። በሦስቱም ቋንቋ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ በአንዱም ሲቆጡ አልሰማሁም። ነገር ሲከብዳቸው ቀኝ እጃቸው ሳያውቁት ግራ ክንዳቸውን መለካት ይጀምራል፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ ጨርቅ እንደሚለኩ ሁሉ፣ ደጋግመው።

ከማል በአባት ወንድማቸው ነው። አባታቸው ሲሞቱ ገና ድክ ድክ ይል ነበርና ያሳደጉት እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። ባለቤታቸው ልጅ ሳይወልዱ አረፉ። ጋሽ ኑሩ ከዚያ በኋላ አላገቡም። አግባ የሚላቸው ሰው ሲበዛ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ቤቴ ውስጥ ልጅ አለኝ።»

ልጁ አድጎ ሹፌር ሆነ። ከወልድያ ሰቆጣ፣ አንዳንዴም እስከ ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ የሚያንቀላፋ ሹፌር ገደል ነው የሚጠብቀው። ከማል ጫት የጀመረው ነቅቶ ለመንዳት ነበር። ጫቱ እንቅልፍ ሲከለክለው ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ተጨመረ፤ ሹፌሮቹ ጨብሲ የሚሉት ነው። ከአረቄው ቀጥሎ ሀሺሽ መጣ። ጋሽ ኑሩ ይህን ሁሉ ያወቁት ዘግይተው ነው። አንድ ቀን ከማል መኪናውን መንገድ መሐል አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ ወርዶ በእግሩ ሄደ። ሬዲዮው ስሙን እየጠራ ይሰድበው ነበር። ሬዲዮውን ሲያጠፋው ስድቡ አልጠፋም።

መጀመሪያ ወደ እኛ አላመጡትም። ሼህ ጠርተው ቁርኣን አስነበቡለት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ደግሞ «ጸበል ይሞከር» ብለው መከሩ። ጋሽ ኑሩ የሁሉንም ምክር አመስግነው ተቀበሉ። ሆስፒታል ያመጡት እህል መቅመስ ካቆመ በኋላ ነው።

ያን ቀን ከማል የመተላለፊያው ጥግ ላይ ቆሞ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኖ ነበር። ሲስተር ለምለም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፤ «አበደ» ተብሎ የመጣን ሰው ደሙን ሳታስመረምር የበሽታ ስም አትሰጠውም። ተስቦም ወባም ሌላም የተደበቀ ነገር ሰውን ያቃዣልና። እጁን ይዛ እያባበለች ወደ እኔ አመጣችው። ከማል መርፌውን አልፈራም። «ደሜን ለማን ነው የምትሰጠው?» ብቻ አለኝ።

«ለማንም አልሰጠውም። እዚሁ ነው የማየው» አልኩት። አመነኝ መሰለኝ፤ ክንዱን ዘረጋ።

ከምንሠራቸው ምርመራዎች አንዱ ቀላል ነው። ደሙን ቀጭን ቱቦ ውስጥ አቁመን አንድ ሰዓት እንተወዋለን። ቀዩ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ሰውነት ውስጥ ብግነት ካለ፣ በተለምዶ የሰውነት መቆጣት የምንለው ማለት ነው፣ ቀዩ ፈጥኖ ይሰምጣል። ሲአርፒ የሚባል ሌላም ምርመራ አለ፤ ስለዚያው ስለ መቆጣቱ የሚናገር።

«ውጭ አረፍ ብለው ይመለሱ» ብላቸው ጋሽ ኑሩ እምቢ አሉ። መስኮቱ ላይ ቆመው ቱቦውን ያያሉ።

«እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ አለ» አሉኝ። «አዲስ ጨርቅ ሲመጣ ጥጉን ውሃ ነክረን እንጠብቃለን። ቀለሙን የሚለቅ መሆኑ ያኔ ይታወቃል።»

ውጤቱ በሁለቱም ምርመራ ከፍ ያለ ነበር።

«ሰውነቱ ተቆጥቷል» አልኳቸው፣ እንዲሁ በልማድ እንደምንለው።

እጃቸው ክንዳቸውን መለካት ጀመረ።

«በማን ነው የተቆጣው?» አሉ።

ቃሉን ስንት ዓመት ስለው ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

«የበሽታ ነገር ነው ጋሽ ኑሩ። ሲስተር ታስረዳዎታለች።»

«በእኔ ይሆን እንዴ ብዬ ነው» አሉና ወጡ።

ሲስተር ለምለም የማታውቀውን አውቃለሁ አትልም። ቁጭ አድርጋ ስታስረዳቸው እኔም ነበርኩ። «እንዲህ ያለ ሕመም ከሚይዛቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ላይ ይህ መቆጣት ይገኛል፤ አንዳንዶቹ ላይ የለም። ሱሱም፣ ሲጋራውም፣ እንቅልፍ ማጣቱም ራሳቸው ደምን ያስቆጣሉ። የቱ የቱን እንደጎተተ የተማረውም ሰው ገና አጥርቶ አላወቀውም። ደሙ ቤት ውስጥ ጢስ አለ ይለናል እንጂ የሚቃጠለው የትኛው ጓዳ እንደሆነ አይነግረንም።»

«ጢስ ካለ እሳት አለ» አሉ ጋሽ ኑሩ። «እሳት ደግሞ ይጠፋል።»

ከነገረቻቸው ሁሉ ይዘው የሄዱት ይህን ነበር።

እሳቱ ተፈለገና አንዱ ተገኘ። ከማል በግራ በኩል ማኘክ አቁሞ ነበር፤ ሲስተር አፉን አስከፍታ ስታየው መንጋጋ ጥርሶቹ በስብሰው ሥራቸው መግል ቋጥሯል። ተነቀሉ፣ የመግሉም መድኃኒት ተሰጠው። ለአእምሮው ደግሞ ሌላ ኪኒን ተጀመረለት። ጋሽ ኑሩ ሱቁን ለእህታቸው ልጅ ትተው ቀኑን ሙሉ ከጎኑ አይለዩም ነበር። ጫቱም አረቄውም በዚያው ቀረ።

ሳምንታት አልፈው ለድጋሚ ምርመራ ሲመጡ ጋሽ ኑሩ እንደ ኢድ ለብሰው ነበር። ከማል ፊቱ ሞላ ብሏል፤ ጸጉሩን ተስተካክሏል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ስጠራው ዞር ብሎ ፈገግ አለልኝ። ደሙን ወስጄ ቱቦውን አቆምኩ። ሰዓቱ ሲሞላ ቀዩ እንደ ጤነኛ ሰው ደም እምብዛም ሳይወርድ ቆይቷል።

«ታረቀ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ኑሩ በመስኮቱ።

«ደሙ ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ኪኒኑ ለምንድን ነው?»

«እሱን ሲስተርን ይጠይቋት።»

ጠየቋት። «ጋሽ ኑሩ፣ ደሙ የተናገረው የጥርሱን ወይም የሱሱን ነገር ሊሆን ይችላል» አለቻቸው። «የአእምሮው ሕመም የሚለካበት ቱቦ የለንም። እነዚያ ድምፆች ጋብ ያሉት በኪኒኑ ነው። እንዳያቋርጥ።»

እሺ አሉ። እሺ ማለታቸውም ከልባቸው ነበር። ግን ኪኒኑን የሚውጠው ከማል ነው። ምላሱን ያስርበታል፣ ቀኑን ያስተኛዋል፣ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ በዚያ እጅ መሪ መያዝ እንደማይችል ደግሞ አውቆታል። «ጋሼ፣ ደሜ ንጹሕ ነው ብለውህ የለም? በንጹሕ ደም ላይ ለምን መርዝ ታስጨምርብኛለህ?» እያለ ያለቅስ ነበር። ይህን ኋላ እሳቸው ናቸው የነገሩን። ለምነው ለምነው ደከሙ። አንድ ጠዋት ኪኒኑን ሳይሰጡት ቀሩ። ያን ቀን ደህና ዋለ። በማግስቱም ደህና ነበር። ምላሱ ተፈታ፣ እጁ ረጋ፣ እንደ ድሮው ቀልድ ጀመረ። ጋሽ ኑሩ እኛ ዘንድ መጥተው እንዳይናገሩ ሲስተርን አፈሩ፤ ዝም እንዳይሉ ደግሞ ልባቸው ፈራ። ደስታው በለጠና ዝም አሉ።

ከዚያ ከማል ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ጫት ቤት ታየ። ትንሽ ቆይቶ ከሰቆጣ ጠፋ።

ከጽጽቃ የመጣ ሹፌር «ጫማ የሌለው ሰው ብቻውን እያወራ ቁልቁል ሲወርድ አይቻለሁ» ስላላቸው ጋሽ ኑሩ ተነሥተው ሄዱ። ጽጽቃ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ጽጽቃ ያለችበትን የዝቋላን ወረዳ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሸንተረሩን ወጣሁ ሲሉት ሌላ ገደል ይጠብቃል። ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር፤ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል፣ ፍየሎቹ የሚቀጥፉት አጥተው ግንድ ይልጣሉ። ዕድሜያቸውን ሱቅ ጥላ ውስጥ የኖሩት ሰው ከመንደር መንደር በኽምጣኛ እየጠየቁ ሄዱ። «ወንድሜን አያችሁ ወይ? ታሟል» ነው የሚሉት። «አብዷል» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ያገኙት ፈንታው የሚባል ገበሬ ደጅ ነው። ከማል አፋፍ ላይ ቆሞ ከሰማይ ጋር ሲጣላ ፈንታውና ጎረቤቶቹ ይዘው አምጥተው ግንድ ላይ አስረውታል። ጠፍሩ የእጁን አንጓ በልቶታል። ፈንታው ደንግጦ ነበር።

«አባቴ፣ ጨክኜ አይደለም» አላቸው። «ብፈታው ገደል ይገባል። የማበላውንም ከልጆቼ ከፍዬ ነው።»

ጋሽ ኑሩ የእጁን ቁስል አዩ፤ የታሰረበትን ግንድ አዩ።

«ነፍሱን ነው ያሰርክልኝ» አሉት።

ጠፍሩን ፈቱና ትከሻቸው ላይ የነበረውን ነጠላ አጥፈው አንዱን ጫፍ ከማል ክንድ ላይ፣ ከቁስሉ ከፍ አድርገው አሰሩ። ሌላውን ጫፍ የራሳቸው ክንድ ላይ አሰሩት። እንዲህ ሆነው ነው የተመለሱት። ከጽጽቃ የጫናቸው ሹፌር የከማል ጩኸት ቢያስፈራው ከከተማው ጫፍ አወረዳቸው። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር።

እኔ ምሳ በልቼ ወደ ሥራ ስመለስ አየኋቸው። ከተማው የሚያከብራቸው ነጋዴ፣ ፊታቸው በአቧራ ነጥቶ፣ እግራቸው ቆሳስሎ፣ ከሚጮኸው ወንድማቸው ጋር በአንድ ነጠላ ተሳስረው በገበያው መሐል ይመጣሉ። ሰው መንገድ ይለቃል። የሚያውቋቸው ዓይናቸውን ወደ ሸቀጣቸው ይመልሳሉ። እሳቸው ግን ለሁሉም በየስሙ ሰላምታ ይሰጣሉ። አንድ የዕድሜ እኩያቸው የሆኑ ነጋዴ ጠጋ ብለው «ኑሩ፣ በጓሮ በኩል ብታልፉ ምናለ?» አሏቸው።

«በጓሮ የሚገባ የተሰረቀ ዕቃ ነው» አሉ ጋሽ ኑሩ። «እኔ ወንድሜን ነው ይዤ የምገባው።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ሲስተር ለምለምን ከሰላምታ አስቀድመው ያሏት «ኪኒኑን ያስተውኩት እኔ ነኝ። እሱን እንዳትቆጪው» ነው። ሲስተር አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። ውሃ አስመጥታ የከማልን አንጓ ማጠብ ጀመረች፤ ቀጥላም የጋሽ ኑሩን እግር። እምቢ ሲሉ «ይቀመጡ» ብቻ አለቻቸው፤ ተቀመጡ።

የከማልን ደም በዚያም ቀን መረመርኩት። ቁስሉ አመርቅዞ ስለነበር ቀዩ ቶሎ ሰመጠ። ጋሽ ኑሩ ግን መስኮቱ ላይ አልመጡም። ውጤቱ ስንት ሆነ ብለውም አልጠየቁኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ ምርመራ ውጤት አጭር መልስ የላቸውም። ከማል አልዳነም፤ አልጠፋምም። ሲስተር ለምለም መድኃኒቱን ቀየረችለት፤ መንቀጥቀጡ ቀነሰ፣ ድምፆቹ ራቅ አሉ እንጂ ጨርሰው አልሄዱም። ጋሽ ኑሩ ሱቃቸው ውስጥ ሁለተኛ ወንበር አስገቡ። ከማል እዚያ ተቀምጦ ጨርቅ ያጥፋል፤ ደህና ቀን ሲሆን ለደንበኛ ያሳያል። ክፉ ቀን ሲሆን ከራሱ ጋር ያወራል፤ አዲስ ደንበኛ ደንግጦ ወደ በሩ ሲያይ ጋሽ ኑሩ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ወንድሜ ነው። ታሟል። ዛሬ ትንሽ ደክሞታል» ይሉና «የትኛውን ላውርድልዎ?» ብለው ይቀጥላሉ። መሸሽ የፈለገ ይሸሻል። ብዙው ሰው ግን ሲለምደው ራሱ «ዛሬ ከማል እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

ከማል ሁለት ጊዜ ወደ ጫቱ ተመልሶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ኑሩ ጫት ቤቱ ድረስ ሄደው ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። አይሳደቡም፣ አያስፈራሩም። አንዱ ወጣት «ጋሽ ኑሩ፣ ጫት ጉልበት ይሰጣል እኮ» ሲላቸው እኔ ባለሁበት እንዲህ መለሱለት፤ «ጫት ጨርቅ አይጨምርልህም፤ ያለህን ነው የሚወጥረው። የተወጠረ ጨርቅ ይዘህ ረዘመልኝ ትላለህ። ሲቀደድ ግን ከመሐል ነው።» ወጣቱ ሳቀ። ጋሽ ኑሩም አብረውት ሳቁና የከማልን እጅ ይዘው ወጡ።

የታመመ ሰው ያለበት ቤተሰብም እሳቸው ዘንድ መምጣት ለመደ። ሕክምናውን ሳያውቁ ሰው ለማከም አይሞክሩም፤ ሱቃቸውን ለእህታቸው ልጅ ይተዉና አብረው ወደ ሲስተር ለምለም ይመጣሉ። ከእነዚያ ቀናት መሐል ግን አንዱን አልረሳውም።

ፈንታው፣ ያ ከማልን አስሮ ያተረፈው ገበሬ፣ ሚስቱን ይዞ መጣ። ጎረቤቶቹ እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ ተሸክመውለት ነበር። ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። ሕፃኑን «የእኔ አይደለም» ትላለች፤ ከጣራው እባብ ይወርድብኛል ብላ ትጮኻለች። አገሩ ሁሉ ዛር ነው ብሏል። ፈንታው ከመኪና እንደወረደ የሄደው ወደ ጋሽ ኑሩ ሱቅ ነው። ሴትዮዋ ከኽምጣኛ በቀር አትሰማም፤ ሲስተር ለምለም ደግሞ እንደ እኔው የሌላ አገር ሰው ናት። ጋሽ ኑሩ አልጋው አጠገብ ቆመው ያስተረጉሙ ጀመር፤ ወደ ሴትዮዋ ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ሰውነቷ ይነድ ነበር። ደሟን ቱቦ ውስጥ ሳቆመው ቀዩ ዓይኔ እያየ ወረደ። ሐኪሙ ሲመረምራት ማኅፀኗ መመረዙ ታወቀ። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ተጀመረ። ቀናት ሳይቆይ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ እባቡም ጠፋ። አንድ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ አንድ ነገር ተናገረች። ጋሽ ኑሩ ከግድግዳው ወደ እኛ ዞሩ። «ልጄ ጠብቷል ወይ? ነው የምትለው» አሉን።

ፈንታው መሬት ስሞ ተነሣ። ሲስተር ሕፃኑን አምጥታ አሳቀፈቻት። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ኋላ ወደ ላቦራቶሪዬ ስመለስ ጋሽ ኑሩን አግዳሚው ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ክንዳቸውን ይለካሉ።

«ለእሷ ደሟ መለሰላት» አሉኝ።

«አዎ ጋሽ ኑሩ።»

«አልቀናሁም» አሉ። ክንዳቸውን ዳግም ለኩ። «ቀንቻለሁ» አሉ እንደገና። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀንቻለሁ። እዚያው ቱቦ ውስጥ ነበር እኮ የእኔም ልጅ ደም የቆመው።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለከማል ያየሁትና ለፈንታው ሚስት ያየሁት አንድ ዓይነት ቀይ ነው፣ አንድ ዓይነት ቢጫ ውሃ ነው። አንዱ ወደ በሽታው አደረሰን፣ ሌላው ደጅ ላይ ጥሎን ሄደ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አላውቅም አልኳቸው።

«ማወቅህን አይደለም የምፈልገው» አሉኝ። «ሰው ሲሰማኝ ቀለል ይለኛል።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ሲመለሱ ለሕፃኑ መጠቅለያ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ይዘው ነበር፤ ከማልን አስከትለው። ፈንታው ከማልን ሲያይ ቆመ፣ ተቃቀፉ። ከማል የአንጓውን ጠባሳ አሳየውና «ደህና አድርገህ ነበር ያሰርከኝ» አለው።

በኋለኞቹ ዓመታት ጋሽ ኑሩ ደክመው ነበር። ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ሲስተር ለምለም «ዛሬ እንኳ እርስዎ ይመርመሩ» ስትላቸው «ተራው የከማል ነው» ብለው ያልፏታል። አልፎ አልፎ «ከእኔ በኋላ...» ብለው ይጀምራሉ። ሲጨርሱት ግን አንድም ቀን አልሰማኋቸውም፤ እኛም ጨርሱት አላልናቸውም።

ለቀብራቸው ሰቆጣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ነው የወጣው። ከሦስት ቀን በኋላ እኔና ሲስተር ለምለም ከሥራ ወጥተን ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄድን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በዝግታ ያወራሉ። ፈንታው ዜናውን ሰምቶ ከዝቋላ መጥቷል፤ እግሩ ገና አቧራ ነው። የእህታቸው ልጅ በር ላይ ተቀበለንና ወደ ሲስተር ጎንበስ ብሎ «ከማል ኪኒኑን አልውጥም ብሎኛል» አላት። «ከቀብሩ ቀን ጀምሮ።»

ከማል ጥጉ ላይ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል። አላለቀሰም። ጭንቅላቱን ወደ አንድ በኩል ዘንበል አድርጎ ነበር፣ ከሩቅ የሚጠራውን እንደሚሰማ ሰው። ሲስተር ከፊቱ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ከማል፣ አላህ ያጽናህ።»

«አሚን።»

«ኪኒንህን ትተሃል አሉኝ።»

«ትቻለሁ።»

«ለምን?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር። «እነዚያ የሚሰድቡኝ መጥተዋል፤ ታውቂያቸዋለሽ» አላት። «አሁን ግን ጋሼም መሐላቸው አለ። ከማል ብላ ይለኛል። ከማል ተኛ ይለኛል። ኪኒኑን ከዋጥኩ እነሱን ዝም ስታሰኚልኝ እሱንም ዝም ታሰኚብኛለሽ።»

ሲስተር ለምለም ለስንት ቤተሰብ ስንት ነገር ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። «አይደለም» ብላ ብትዋሸው ያምናት ነበር።

«ሊሆን ይችላል ከማል» አለችው። «አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

ራሱን ነቀነቀ፤ መልሱን እሱም ያወቀው ይመስላል። እጆቹን እያየ ቆየና «እሱ ራሱ ነው ዋጠው የሚለኝ» አለ።

ፈንታው ተነሥቶ ውሃ አመጣለት። የእህታቸው ልጅ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አኖረለት። ከማል አፉ ውስጥ ከቶ ውሃውን ጠጣ፤ ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች በእፎይታ ማውራት ሲጀምሩ እጁን ቀስ አድርጎ አነሣ።

«ትንሽ ዝም በሉ» አለ። «ገና እያወራ ነው።»

ዝም አልን።